ሮሜልን ማስቀረት

ጃንዋሪ 7፣ ማክሰኞ

ዶክተሯ ይህን ደብተር የሰጠችኝ የደም ግፊቴን እንድመዘግብበት ነው። «ሚስ ቬርና፣ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩዎትም» አለችኝ። ጠዋት 148 በ90። ማታ 152 በ91። ይኸው ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለው ባዶ ቦታ የኔ ነው፤ ወረቀት ማባከን አልወድም።

ሮሜል እሁድ ዕለት የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ተጫወተ። ቡድኑ ተሸንፎ ወጣ። ሮሜል የእህቴ ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ጀምሮ፣ ከዘጠኝ ዓመቱ አንስቶ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ አራት ዓመት ሙሉ ኳስ ታቅፎ ሮጧል፤ ውሉም እያለቀ ነው። ማርች 10፣ ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ገበያው ይከፈታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነፃ ተጫዋች ነው፤ የፈለገው ቡድን ሊያናግረው ይችላል።

እኛም እዚህ ትምህርት ቤት የራሳችን ሊግ አለን። ፋንታሲ። አስር ሰዎች ነን፤ አስተማሪ፣ ሾፌር፣ መካኒክ፣ ከወጥ ቤት እኔና ፐርሊን። እያንዳንዳችን በወረቀት ላይ ቡድን እንይዛለን፤ የያዝነው ተጫዋች እውነተኛው ሜዳ ላይ ሲሮጥና ሲያገባ ነጥቡ የኛ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉንም እንለቅና አንድ ሰው ብቻ ለሚቀጥለው ዓመት እናስቀራለን። የማስቀሪያው ቀን ማርች 9 እሁድ፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ገበያው ሊከፈት አንድ ሌሊት ሲቀረው። ይህን ደንብ ያወጡት ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ሎፍቲን ናቸው። «ማን የት እንደሄደ ከታወቀ በኋላማ ማንም ይመርጣል» ይላሉ።

እኔ በየዓመቱ የማስቀረው ሮሜልን ነው። ዘንድሮም እሱን ነው። የሚታሰብበት ነገር የለም።


ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

የአውቶቡስ መካኒኩ ሲሲል ምሳ ሰልፍ ላይ ያዘኝ። ከሊጋችን ሰው ሁሉ አፈኛው እሱ ነው።

«ሚስ ቬርና፣ ልጅሽ የት ነው የሚሄደው? ለኔ ብቻ በጆሮዬ።»

«መጀመሪያ ጎመንህን ጨርስ።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው።»

«የማውቀውን አውቃለሁ።»

ምንም አላውቅም። ከእሁድ ወዲህ አልደወለልኝም። ከኋላው የቆሙት ሁሉ ግን አንገታቸውን አስግገው ሲጠብቁ ጭልፋዬን ይዤ እንደ ዳኛ ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ፐርሊን አይታኛለች።

150 በ92።


ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

ፐርሊን ስልኳ ላይ ያገኘችውን አነበበችልኝ። ሯጭ ሃያ ሰባት ከሞላው አብቅቶለታል ይላል። ሮሜል ኤፕሪል ላይ ሃያ ሰባት ይሞላዋል። እኔ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሃያ ኪሎ ዱቄት ከመኪና ላይ በትከሻዬ አውርጃለሁ። ያ ጸሐፊ ይምጣና ይሸከም።

ነገሩን አላሰብኩበትም ማለት አይደለም። ሞኝ አይደለሁም። ሌላ ጎበዝ ሯጭ ያለው ቡድን ከወሰደው ኳሱን ይካፈላሉ፤ ነጥቤ ግማሽ ይሆናል። ከፊት መንገድ የሚጠርጉ ግዙፍ ልጆች ያሉት ቡድን ከወሰደው ካምናም ይበልጣል። ረጅም ውል የሰጠው ቡድን ያሮጠዋል፤ የአንድ ዓመት ውል የሰጠው ሌላ ልጅ እስኪያገኝ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው የምወስነው።

ሊቀርልኝ የሚችል ሌላ ሰው አለ። ኦክሌይ የሚባል፣ የተወረወረ ኳስ ተቀባይ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ውሉ ገና ሦስት ዓመት አለው፣ እግሩ ነፋስ ነው። ባገባ ቁጥር ወገቡን እያወዛወዘ ይደንሳል። እኔ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም።


ጃንዋሪ 21፣ ማክሰኞ

157 በ94። መሣሪያው የተበላሸ ይመስለኛል። አልደወለም። ቸኩያለሁ፣ ዳቦው ኦቨን ውስጥ ነው።


ጃንዋሪ 26፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሮሜል መኪና ከቤቱ ጀርባ ቆማለች። ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጀርባ። ወጥ ቤቴ ገብቶ የትናንቱን የተጠበሰ አምባዛ ከነቅዝቃዜው እየበላ አገኘሁት።

«ለምን አልደወልክም?»

«መጥቻለሁ አይደል፣ አክስቴ።»

«ስንት ቀን ትቆያለህ?»

«እንጃ። ታባርሪኛለሽ?»

ቦርሳውን ከመኪና ሊያመጣ ሲወጣ የበረንዳውን ደረጃ ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ሌላውን አጠገቡ እያሳረፈ ወረደ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ደረጃው ያንሸራትታል። አራት ደረጃ ነው።

ከቤቴ ሰው ሲኖር እንቅልፌ ጥሩ ነው። 149 በ90።


ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

በረዶ የማኖርበት ማቀዝቀዣ ባዶ ነው። ሁለት ከረጢት ገዛሁ። ሙቀት የለም፤ ጃንዋሪ ነው። ማን ጨረሰው ብዬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ከወኪሉ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ልብስ እያጠፍኩ ነበር፣ እያዳመጥኩ አልነበረም። «ገባኝ። ለማንም አልናገርም። እሷም አታውቅም» አለ።

እሷ የተባለችው ማን እንደሆነች አላውቅም።


ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ሲሲል በወረቀት ጽፎ መጣ። ለሮሜል አንድ ምርጥ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ እና ሴፕቴምበር ላይ አዲስ ተጫዋች ስንመርጥ የመጀመሪያ ዙር ተራውን ይሰጠኛል። እንዲህ ያለ ልውውጥ በሊጋችን ታይቶ አያውቅም።

«ለምን ይህን ያህል?» አልኩት።

«ፊትሽን እያየሁ ነው። ልጁ ቤትሽ ነው ያለው፣ መኪናውን አይቻታለሁ። ትልቅ ቦታ ሊፈርም ካልሆነ አንቺ እንዲህ ደረትሽን አትነፊም።»

ፐርሊን ሳህን እያጠበች ሰማችው። ሲሲል ከወጣ በኋላ እጇን እያደረቀች መጣች። «ተቀበይው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ልጁን ትናንት ነዳጅ ማደያው ጋ አየሁት፣ ቬርና። ከመኪናው ሲወርድ አየሁት።»

«ብርድ ነው። ግዙፍ ሰዎች ሲቀዘቅዛቸው ይተሳሰራሉ።»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል አልወድላትም።

ብቀበል ሲሲልን ማጭበርበር ነው። አልቀበልም ስል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ አልቀበልም። አክስቱ ሸጠችው የሚል ወሬ ከዚህ ወጥ ቤት አይወጣም። የሲሲል ያጎቱ ልጅ የከተማው ሬዲዮ ላይ የስፖርት ወሬ ያወራል፤ ዛሬ እዚህ የተባለ ነገ ጠዋት እዚያ ነው። ቡድኖቹ ሰምተው ገንዘባቸውን ቢሰበስቡስ?

161 በ95። መሣሪያውን ባትሪ ቀየርኩለት።


ፌብሩዋሪ 9፣ እሁድ

የዋንጫው ጨዋታ። ፐርሊን ቤት ሃያ ሰው ተሰብስቧል። ሮሜል ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። ሁሉም ስለሱ ጠየቁኝ፤ ለሁሉም «አርፏል» አልኩ። ዶሮውን እንኳ አልቀመስኩም።

ስመለስ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። መጽሐፍ እያነበበ ነበር። ማን አሸነፈ ብሎም አልጠየቀኝም።


ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ቁርስ ላይ የበቆሎ ገንፎውን በማንኪያ እያገላበጠ «አክስቴ፣ ባቆምስ?» አለ።

«ቅቤ ጨምርበት፣ ደርቆ ነው» አልኩት።

ቅቤ ጨመረ። በላ። አመሰገነ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። መብላቱን ነው ያለው እንዳልል ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በልቷል።


ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ በውርጩ ተዘግቷል። ጊዜ አለኝ፣ ስለዚህ ልጻፈው።

አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ኖቬምበር፣ የስቴቱ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሜዳችን ላይ። እረፍት ሲወጡ ሌሎቹ ወደ መልበሻ ቤት ሄዱ፤ እሱ ግን እኔ ወዳለሁበት ወደ አጥሩ መጣ። ጣቶቹን በሽቦው መሃል አሳልፎ ያዘና «አክስቴ፣ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ» አለኝ። ላቡ ፊቱ ላይ ነበር፤ ላብ ይሁን ሌላ አላጣራሁም። ከበላዬ ባለው መቀመጫ ላይ ባርኔጣቸው ላይ የዩኒቨርሲቲ ስም የተጻፈ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሙሉ ቀን ነድተው የመጡት እሱን ሊያዩ ነው።

«እነዚያ ሰዎች ለማን የመጡ ይመስልሃል? ሂድና ጨርስ» አልኩት።

ሄደ። ሁለት ጊዜ አገባ። ሰዎቹ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። በጋ ላይ ጉልበቱ ተቀደደና ተሰፋ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ልምምድ ላይ ነው የተጎዳው አልኩ። ዩኒቨርሲቲውም ወሰደው፣ የቀረውንም ሁሉም ያውቃል።

ሌላ ምን ልለው ኖሯል? በዚህ ከተማ ያለው ሥራ የአምባዛው ፋብሪካና የወህኒ ቤቱ ጥበቃ ነው። እናቱ ፋብሪካው ውስጥ አሳ ስትሰነጥቅ ነው ያለቀችው። ዛሬ የኔን ጣሪያ የሠራልኝ፣ የፐርሊንን ልጅ ትምህርት ቤት የከፈለላት ያ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ዳኛ ፊት ብቆም ይህንኑ እደግመዋለሁ። ማንም አይፈርድብኝም።

ጣቶቹ ግን በሽቦው መሃል ነበሩ። አልነካኋቸውም። ለምን እንዳልነካኋቸው ዛሬ አስር ጊዜ ራሴን ሳልጠይቅ አልቀረሁም። ብርድ ነበር፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ጠዋት 163 በ97። ማታ አልለካሁም።


ፌብሩዋሪ 25፣ ማክሰኞ

አደረግኩት። ምሳ ክፍሉ ሙሉ ነበር። ሲሲል ከነትሪው ቆሞ ለሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ «ቬርና ልውውጤን ያልተቀበለችው ልጁ ታሞ ስለሆነ ነው። ብትሸጠው ሰው እንዳይነቃባት ፈርታ ነው» አለ። አንድ ሰው ሳቀ።

ጭልፋውን አስቀመጥኩና ከማደያው ጠረጴዛ ጀርባ ወጣሁ። «አቶ ሎፍቲን» አልኩ፤ እዚያው ጥግ ላይ ሳንድዊች እየበሉ ነበር። «ማርች 9ን አልጠብቅም። አሁን ይጻፉልኝ። ሮሜልን አስቀርቻለሁ። ልጁ እንደ ፈረስ ነው። የጤና ማረጋገጫ ደብዳቤ የፈለገ ከኔ ይውሰድ።»

አቶ ሎፍቲን አፋቸውን ጠርገው «ሚስ ቬርና፣ በቃል አልቀበልም። ወረቀት በቀኑ፣ ሣጥን ውስጥ» አሉ።

«በቀኑ ይደርስዎታል» አልኳቸው።

ፐርሊን ብቻ አላጨበጨበችም።


ፌብሩዋሪ 27፣ ሐሙስ

ሬዲዮው ጠዋት አወራው። ሮሜል ፀጉር ቤት ሆኖ ሰማው። ቤት ገብቶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«ስለ ጤንነቴ ሬዲዮ ላይ የተናገርሽው አንቺ ነሽ?»

«ምሳ ክፍል ውስጥ ነው የተናገርኩት።»

«ምን ብለሽ?»

«እንደ ፈረስ ነው ብዬ።»

ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ በሕፃንነቱም እንዲሁ ነበር። «በኔ ላይ እንድትወራረጂ አልጠየቅኩሽም» አለኝ። «ከአስራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስትወራረጂብኝ ነው የኖርሽው፣ አክስቴ። በየዓመቱ ስሜን ወረቀት ላይ ትጽፊያለሽ። እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት ተሸክሜ እሮጣለሁ።»

መንጠቆውን ይዞ ወደ ሐይቁ ሄደ። ከሄደ በኋላ ብዙ መልስ መጣልኝ። ሁሉም ጥሩ ጥሩ መልስ ነበር። ለበሩ ተናገርኩት።


ማርች 3፣ ሰኞ

አያናግረኝም ማለት አይቻልም። «ጨው አቀብዪኝ» ብሎኛል።

ሲሲል ልውውጡ ላይ ሁለተኛ ዙሩንም ጨመረ። ቁርጥ አድርጌ አይሆንም አልኩ። የገዛ ደንቤን ነው የምከተለው፣ የማንንም አይደለም። 165 በ98። ዶክተሯ ደወለች፤ አላነሳሁም።


ማርች 7፣ ዓርብ

የያዘውን አሳ እያጸዳሁ ሳለ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠ። ራሱ ጀመረ።

ሰኞ ገበያው እንደተከፈተ አንድ የሰሜን ቡድን ሁለት ዓመት ሊሰጠው ተዘጋጅቷል። ጥሩ ቡድን ነው፤ ሌላ ሯጭ የላቸውም፣ ከፊት የሚጠርጉት ልጆች ከሁሉ ይበልጣሉ። ይህን ስሰማ ልቤ የቆጠረው ነጥብ ነው፤ ውሸት አልጽፍም። ከዚያ ቀጠለ። ጉልበቱ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ነገር አልቋል። ምርመራውን በመርፌ ደንዝዞ ሊያልፍ ይችላል፤ ወኪሉ የሚያውቅ ሐኪም አለ። እሱ ግን ለብቻው ሜምፊስ ሄዶ ሌላ ሐኪም አይቶ ነበር። ያኛው «ሁለት ዓመት ከሮጥክ አርባ ዓመትህ ላይ በምርኩዝ ነው» ብሎታል።

«ምርኩዙ አይደለም» አለኝ። «ድሮ ኳሱን ስይዝ የማየው ክፍተቱን ነበር። አሁን የማየው መሬቱን ነው። የት እንደምወድቅ ነው የማየው። መሮጥ አልፈልግም፣ አክስቴ። ካምና ሳይሆን ከካቻምና ጀምሮ ነው የማልፈልገው።»

ቢላዋው እጄ ላይ ነበር።

«ምን ላድርግ?» አለ።

ተነስቼ ድስት አጠብኩ። ድስቱ ንጹህ ነበር። ሁለቴ አጠብኩት። ዞር ስል ሄዷል፤ አሳውን እሱ ጨርሶ አጽድቶ፣ ጨው ነስንሶ፣ በሳህን ከድኖ አስቀምጦልኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ጮክ ብሎ መናገር የሚጠቅምበት ቀን ሁሉ አጥር ማዶ ወይ ድስት ላይ ነኝ።


ማርች 9፣ እሁድ

እንደየዓመቱ የሰዓት ለውጥ ሰዓቱ ዛሬ አንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍቷል፤ ስለዚህ አስራ ሁለት ሰዓት ቶሎ መጣ። ቤተ ክርስቲያን የተባለውን አልሰማሁም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወረቀት ቆርጬ ስም ጻፍኩበት። ሮሜል በረንዳ ላይ ነበር። ወጣሁና ሰጠሁት። አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

«ኦክሌይ?»

«አዎ።»

«ያ የሚደንሰው?»

«የሚደንሰው።»

ወረቀቱን መለሰልኝ። ጎረቤት ሣር እያጨደ ነበር። «እኔን ተውሽኝ ማለት ነው?» አለ።

«ከወረቀቱ ላይ ነው የተውኩህ። እራት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። መናገር ነበረብኝ፣ ስለዚህ ተናገርኩ። «ያኔ አጥሩ ጋ መጥተህ ያልከኝን አልረሳሁትም» አልኩት።

«እኔም አልረሳሁትም» አለ።

«መልሴ ስህተት ነበር።»

ከወንበሩ ላይ እግሩን አንስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ፍርሃቴን ነገርኩት፤ ሲሲል ነገ ሬዲዮ ላይ ያስወራዋል፣ የሰሜኑ ቡድን ሰምቶ ሐሳቡን ይለውጣል፣ አንተ ደግሞ መፈረም ብትፈልግ ዕድልህን አበላሸሁ ማለት ነው አልኩት። ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

«አክስቴ፣ እነዚያ ሰዎች የሚያዩት የጉልበቴን ፎቶ ነው። የወጥ ቤቱን ሊግ አይደለም።»

እንዲህ ሲል ትንሽ ከፋኝ። አራት ዓመት ሙሉ እንደሚያዩን ነበር የማስበው።

በአቶ ሎፍቲን በር ላይ ያለው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ወረቀቱን ስጨምር አስራ ሁለት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሲሲል መኪናው ውስጥ ሆኖ እያየ በጣቱ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ሰጠሁት።


ማርች 10፣ ሰኞ

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሥጋ እያገላበጥኩ ነበር። አስተማሪዎቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ ናቸው። እገሌ እዚህ ፈረመ፣ እገሌ እዚያ ሄደ። የሮሜል ስም አልመጣም። አራት ሰው መጥቶ ጠየቀኝ፤ ለአራቱም ድንች ሰጠሁ።

ቤት ስገባ ነገረኝ። ከአምስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲያልፍ ተደወለለት። አመሰገናቸው፤ ከእንግዲህ አልሮጥም አላቸው። ወኪሉ ጮኸ፣ ከዚያ ለመነ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ለማንም እንዳትናገር፣ በሥርዓት እናሳውቃለን አለ። «አንቺም ዝም በይልኝ» አለኝ።

«ዝም ማለት አውቅበታለሁ» አልኩት።

ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቷል። ፊቱ ላይ የትራሱ ምልክት ነበር።


ማርች 12፣ ረቡዕ

አቶ ሎፍቲን ወረቀቶቹን ትናንት ከፍተው ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ስሜ ትይዩ ኦክሌይ ይላል።

ሲሲል ትሪውን እንኳ አልያዘም፤ ባዶ እጁን መጣ። «የገዛ ደምሽን በሚደንስ ልጅ ለወጥሽው?»

«ቀጣዩ» አልኩ።

«እንደ ፈረስ ነው ብለሽ እዚሁ ቆመሽ ተናግረሻል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ማንም አልፈለገውም። ለምን መሰለሽ? አክስቱ ከተወችው ማን ይይዘዋል?»

«ሲሲል፣ ሰልፉን ዘግተሃል። ጎመን ወይስ ባቄላ?»

ሬዲዮውም ይህንኑ አለ። ያሳደገችው ሴት ያላመነችበትን ሯጭ የትኛው ቡድን ያምነዋል አለ። ከተማው ሙሉ ሰምቶታል። ፖስታ ቤት አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የማውቃት ሴት ናት።

ይበሉ። አፋቸው ነው። ሁለት ቃል ብናገር ሁሉም ዝም ይላል፤ አልናገርም። እስከ ዛሬ በሱ ስም ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ፤ አሁን በሱ ስም ብሰደብ ምን አለበት።

ፐርሊን ዕቃ ስናጥብ ትከሻዋን አስጠጋችኝ። «ኦክሌይ ጥሩ ተጫዋች ነው» አለች። ሁሉንም ገብቷታል።

ማታ 146 በ89። መሣሪያው እንግዳ ነገር ነው።


ማርች 16፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ነው የምንቀመጠው አልኩት፤ ከፊት ነው አለኝ። መሃል መተላለፊያውን እያነከሰ፣ ሳይደብቅ፣ ክንዴን ይዞ ሄደ። ሰው ሁሉ አየ። እኔ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነበር፤ የአገልጋዩን ስብከት ግን አሁንም አልሰማሁም።


ማርች 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተነገረ። ሮሜል በገዛ ፈቃዱ አቆመ፤ ሁለት ዓመት ቀርቦለት አልፈልግም አለ። ሬዲዮው የቀረበለትን ገንዘብ መጠን ጭምር ተናገረ።

ሲሲል ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቆ መጨረሻ ላይ መጣ። ትሪውን አስቀመጠ። «አንቺ ያን ቀን ታውቂ ነበር» አለ። «ልውውጤን ብትቀበዪ ኖሮ ምንም ልልሽ አልችልም ነበር። ኳርተርባኬን ትወስጂ ነበር።»

«እወስድ ነበር።»

«ስድቤንም ቆመሽ ሰማሽኝ።»

«ብዙም አልሰማሁህም» አልኩት። ዳቦ ጨመርኩለት። ይቅርታ አላለም፤ አልጠበቅኩም። ሳህኑን ግን ራሱ አጥቦ መለሰ።


ማርች 21፣ ዓርብ

የአልጀብራ አስተማሪው ወደ አላባማ ሊዛወር ነው፤ ሊጋችን ውስጥ ቦታው ባዶ ሆነ። አቶ ሎፍቲን ከትምህርት በኋላ ምሳ ክፍሉ ውስጥ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ሮሜልም ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ያን ቡድን ማን ይረከባል?» አሉ አቶ ሎፍቲን።

«እኔ» አለ ሮሜል።

ሳቅ ሆነ። አቶ ሎፍቲን መነጽራቸውን አስተካክለው ደንቡን ገልብጠው አዩ፤ የሚከለክል የለም። አንድ ችግር ብቻ ነበር። አስተማሪው ያስቀረው ሯጭ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ውሉ አልቆ ገበያው ከተከፈተ አስራ አንድ ቀን አልፎታል፣ ማንም አልፈረመለትም። «አዲስ ገቢ ስለሆንክ በሌላ ሰው ልትለውጠው እንፈቅድልሃለን» አሉት።

ሮሜል አላመነታም። «ይቆይ» አለ።

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሊጉ ውስጥ ከኔ በላይ የቆየች ሴት የለችም። «ሮሜል፣ ስማኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቡድን የለውም። ቢያገኝም የሌላ ሰው ምትክ ነው የሚሆነው። አንድ ነጥብ አያመጣልህም።»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አለ። «ባለፈው ሳምንት ደውሎልኛል። ብቻውን ሜዳ ላይ እየተለማመደ ነው። ገና መሮጥ ይፈልጋል።»

«መፈለጉ ነጥብ አይሆንም።»

«የኔ ቡድን ነው፣ አክስቴ።»

ሲሲል ጠረጴዛውን መታ፤ ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። አቶ ሎፍቲን የሮሜልን ስም ዝርዝሩ ላይ፣ ከኔ ስም ሥር ጻፉት።

ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ነዳ። መንገዱን ሙሉ እኔ በልቤ የመጀመሪያ ዙር ምርጫዬን እያሰላሁ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ የምንጋጠም ከሆነ አልምረውም።